ብረትም ይደክማል

ጉጠት ባጣችሁ ጊዜ ሽቦን ወዲያና ወዲህ እያጠፋችሁ በጥሳችሁ ታውቁ ይሆናል። አንድ ጊዜ ቢያጥፉት የማይሰበር ሽቦ ሲደጋገምበት ለምን ይበጠሳል? ብረትም እንደ ሰው ስለሚደክም ነው። አባቶቻችን «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» እንዳሉት፣ የብረት ድካምም ሳይታወቅ ቆይቶ በድንገት ይጥላል።

እኔ ይህን ነገር የማስበው ከደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ተነሥቼ ወደ ኮምቦልቻ በወረድሁ ቁጥር ነው። መንገዱ እየተጠማዘዘ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። የጭነት መኪናው ጉድጓድ ባገኘ ቁጥር ባሌስትራው ይለመጣል፤ በየኩርባው ሻንሲው ይጣመማል። አንዱ ምት ምንም አያደርግም፤ ብዙ መቶ ሺህ ምት ግን በብየዳው ጠርዝ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ያወጣል።

ዛሬ መሐንዲስ ይህን አስቀድሞ በኮምፒዩተር ይመረምራል። የሻንሲውን ሥዕል በብዙ ሺህ ጥቃቅን ክፍሎች ከፋፍሎ በእያንዳንዱ ላይ ያረፈውን ጫና ያሰላል። በኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም ሆነ በሌላ ስፍራ ይህን ሙያ የምትማሩ ሁሉ ሦስት ነገር ልብ በሉ።

አንደኛ፣ ክፍሎቹ ቀዳዳና ኩርባ ባለበት ይድቀቁ፤ በሜዳው ላይ ሰፋ ቢሉ ግድ የለም። እንደገና አድቅቃችሁ ስታሰሉ ውጤቱ ከተለወጠ ሥራው ገና አላለቀም። ሁለተኛ፣ በብረቱ ላይ ክብ የሆነውን ማዕዘን በሥዕሉ ላይ ሹል አታድርጉት፤ በሹል ማዕዘን ክፍሉ በደቀቀ ቁጥር ጫናው ማቆሚያ ሳይኖረው ይጨምራልና። ይህም የሥዕሉ እንጂ የብረቱ ጠባይ አይደለም። ሦስተኛ፣ ትልቁን ጭነት ብቻ ሳይሆን ጭነቱ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስና ምን ያህል ከፍ ዝቅ እንደሚል አስገቡ።

ጥቂት ስሕተት ብዙ ያስከፍላል። በተበየደ ብረት ላይ የሚመላለሰው ጫና እጥፍ ሲሆን ዕድሜው በግምት ወደ ስምንተኛ እጅ ይወርዳል። ጫናው በ10 በመቶ ብቻ ቢያድግ እንኳ ከዕድሜው ሩብ ያህሉ ይጠፋል። ከልኩ በላይ የሚጭን ነጋዴም ይህን ቢያውቅ መልካም ነበር።

በ1946 ዓ.ም. ኮሜት የተባሉ ሁለት የእንግሊዝ ጄት አውሮፕላኖች በሦስት ወር ልዩነት ሜዲትራንያን ባሕር ላይ ተበታትነው ወደቁ። መርማሪዎች የሌላውን ኮሜት አካል በውሃ ገንዳ ውስጥ አድርገው የበረራውን ግፊት ደጋገሙበት። ቀድሞ የበረረው ተደምሮ ከ3 ሺህ ጊዜ ጥቂት አለፍ እንዳለ፣ በመስኮት ጥግ ተሰነጠቀ። ሠሪዎቹ ግን ከዚያ እጅግ የሚበልጥ ዕድሜ ገምተውለት ነበር። በሒሳብ ያልታየውን በገንዳ ያለ ውሃ ገለጠው።

ስለዚህ ኮምፒዩተር የሚያወጣው ባለቀለም ሥዕል አያታልላችሁ። በመሥሪያ ቤት ተቀምጣችሁ እንዲህ ያለውን ሰነድ የምትመረምሩም፣ ፊርማችሁን ከማኖራችሁ በፊት «ይህ ስሌት በእውነተኛው ብረት ተፈትኗልን?» ብላችሁ ጠይቁ። በዚያ ሻንሲ ላይ ሾፌርና ረዳት ተቀምጠዋልና።