ቤት መሆን የፈለገችው እህታችን

እሁድ እሁድ እዚህ ቤይሩት በማኅበራችን ክፍል ቡናው ካለቀ በኋላ ስለምንጫወተው ጨዋታ ብዙዎቻችሁ ስለጠየቃችሁኝ ነው ይህን የጻፍኩት።

ጨዋታው ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ይባላል። በ1974 በፈረንጆች አቆጣጠር ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የሚባሉ አሜሪካኖች ያወጡት ነው። እኔ ያወቅኩት የምሠራበት ቤት ልጅ ከጓደኞቹ ጋር ሲጫወት ሻይ ሳቀርብ ነው። ቀስ በቀስ አስረዳኝ፣ አሮጌ ዳይሱንም ሰጠኝ። እያንዳንዷ ተጫዋች አንድ የተረት ሰው ትፈጥራለች፤ ጦረኛ፣ አስማተኛ፣ ሌባ ወይ ፈዋሽ። አንዷ ደግሞ መሪ ሆና ታሪኩን ትተርካለች። ከባድ ነገር ሲሞከር ተሳካ አልተሳካ የሚለየው ባለ 20 ፊት ዳይስ ነው። የኛ መሪ እኔ ነኝ።

አንድ እሁድ አንዲት አዲስ እህት መጣች። ዝምተኛ ናት። «አንቺስ ምን መሆን ትፈልጊያለሽ?» ስላት «ቤት» አለች።

«የቤት እመቤት ማለትሽ ነው?»

«አይ፣ ቤት። በር ያለው ቤት።»

ሁሉም ሳቁ። አንዷማ «ኧረ በናትሽ! ሳምንቱን ሙሉ ቤት ተዘግቶብን፣ እሁድን እንኳን ከቤት እንገላገል!» አለች።

እውነቷን ነው። ደግሞ ጨዋታው የመንገድ ጨዋታ ነው፤ ቤት ተራራ አይወጣም። ግን ይቺ ልጅ የምትተኛው ወጥ ቤት ውስጥ እንደሆነ ያመጣቻት ጓደኛዋ ነግራኝ ነበር። ስለዚህ በሰው ፊት «ለምን?» አላልኳትም። «ቤቱ ምን ማድረግ ይችላል?» ብዬ ጠየቅኳት።

«የፈለገውን ያስገባል፣ ያልፈለገውን አያስገባም» አለች።

ከዚህ በኋላ ብዙ አልከበደኝም። አዲስ ሕግ አልፈጠርኩም። የፈዋሽን ቁጥሮች እንዳሉ ወስጄ መልኩን ብቻ ቀየርኩ። ፈዋሽ ቁስል ታድናለች፤ እሷ ውስጥ ያደረም ሰው ይድናል። የፈዋሽ ጥሩር ግድግዳ ሆነ። መንገድ እንድትሄድ ደግሞ ድንኳን አደረግናት፤ ታጥፋ በአህያ ትጫናለች። ኃይል ብቻ ብሰጣት ሌሎቹ ይቀየማሉ፤ ስለዚህ ድክመትም ጨመርን። ካልጫኗት አትንቀሳቀስም፣ ሰይፍም ማንሳት አትችልም። ጨዋታው የሁላችን ስለሆነ ሌሎቹንም «ይዛችኋት ትሄዳላችሁ ወይ?» ብዬ ጠየቅኩ። ያቺ ያጉረመረመችው ራሷ «አህያውን እኔ እነዳለሁ» አለች።

በሦስተኛው እሁድ ሽፍቶች አባረሯቸው። በታሪኩ ሌሊት ነው፣ ዝናብም አለ። ሁሉም ድንኳኗ ውስጥ ገቡ። የሽፍቶቹን አለቃ ሴት አድርጌያት ስለነበር ድምፄን እንደ ማዳም አድርጌ «ክፈቺ! ቶሎ ክፈቺ!» አልኩ።

ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝና «አልከፍትም» አለች።

ክፍሉ ጸጥ አለ። በሩን ለመስበር 15 ያስፈልጋል ብዬ ዳይሱን ጣልኩ። 9 ወጣ፤ የአለቃዋ ጉልበት 3 ሲደመርበት 12። በሩ አልተሰበረም። እልልታው ጎረቤት ሳይሰማ አልቀረም። እሷ ግን አልጮኸችም። «ተኙ፣ እኔ እጠብቃለሁ» ብቻ አለቻቸው።

ጨዋታ ጨዋታ ነው፤ ማታ ወደዚያው ወጥ ቤት ተመለሰች። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን ከኮሚቴያችን አንዷን ለብቻ ጠርታ ስለ መኝታ ክፍል አሠሪዋን እንዴት እንደምታናግር ጠየቀች። መልሱን አብረን እየጠበቅን ነው።

መጫወት ለምትፈልጉ ወረቀት፣ እርሳስና ዳይስ ይበቃል። ባለ 20 ፊቱ ከሌላችሁ ከ1 እስከ 20 የተጻፈባቸው ቁራጭ ወረቀቶች ጠቅልላችሁ እንደ ዕጣ አውጡ። የምትመሩ ደግሞ እንግዳ ሐሳብ ይዛ የመጣችውን ቶሎ አትመልሷት። ምን እንደምትችል፣ ምን እንደሚያቅታት፣ ሌሎቹም ይስማሙ እንደሆነ ጠይቁ። አብዛኛውን ጊዜ መንገድ አይጠፋም።

ባለፈው እሁድ ደግሞ አንዷ «እኔ ወንዝ መሆን እፈልጋለሁ» ብላኛለች። እያሰብኩበት ነው።