አይመለከተኝም

ከወልድያ ወደ ደብረ ታቦር የሚወስደው መንገድ ጋሸና ላይ ወደ ላሊበላ ይገነጠላል። ብዙ መንገደኛ ከተማዋን የሚያውቃት በመገንጠያነቷ ብቻ ነው፤ ልቡ ቀድሞት ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ ጋ ደርሷል። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነት ሲፋፋምባት ግን ስሟ ከዜና አልጠፋም። ከተማዋ ያው ናት፤ የተለወጠው የእኛ ጆሮ ነው። ኔቪል ሞሬይ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው ጥናት፣ በአንድ ጆሮው የሚሰማውን እየተከተለ እንዲደግም የታዘዘ ሰው በሌላው ጆሮው የተነገረውን አያስታውስም፤ የራሳቸው ስም ሲጠራ ግን ከተሳታፊዎቹ ሲሶ ያህሉ ሰምተዋል። ጆሮ አይዘጋም፤ በሩ ላይ ዘበኛ አለ፣ እሱም የሚያስገባው ዘመዱን ነው።

«ሁሉን ልስማ ያለማ ያብዳል» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ጥፋቱ ማለፋችን ሳይሆን ያለፍነውን እንደሌለ መቁጠራችን ነው። በ1965 ዓ.ም. ወሎ ሲራብ የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች እዚያው ሄደው ያነሱትን ፎቶግራፍ አዲስ አበባ ውስጥ አሳይተዋል። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ስለዚሁ ረሃብ የሠራው ፊልም በጥቅምት 1966 እንግሊዝ አገር ሲታይ፣ የእኛ ቴሌቪዥን ያሳየው አፄ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን ሊወርዱ አንድ ሌሊት ሲቀራቸው፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ ነው። «ያ ሳንሱር እንጂ የሰዉ ጥፋት አይደለም» የሚል አይጠፋም። ሳንሱርስ ነበረ፤ ግን የተራበው ሰው በደሴ መንገድ ዳር ቆሞ መኪና ያስቆም ነበር፤ የመኪና መስኮት ደግሞ ሳንሱር አይደረግም። እስቲ ዛሬ ስልካችሁ ላይ «አይመለከተኝም» ብላችሁ ካለፋችሁት አንዱን ተመልሳችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት።