ውሃ፣ ሙቀት፣ ከዚያ ምግብ

ጤነኛ እስስት በቀን ዓይኗን አትጨፍንም። ሁለቱ ዓይኖቿ ለየብቻ እየዞሩ አንዱ ወደ ፊት፣ አንዱ ወደ ኋላ ሲቃኝ ይውላል፤ የምትተኛው ሲመሽ ነው። የእህቴ ልጅ በካርቶን ይዟት የመጣው እስስት ግን በጠራራ ቀን ሁለቱንም ጨፍናለች። ዓይኖቿ ወደ ውስጥ ሰርገዋል። የጎድን አጥንቷ አንድ በአንድ ይቆጠራል። የጭራዋ ሥር ሥጋው አልቆ ቆዳው አጥንቱ ላይ ተጣብቋል።

«እትዬ፣ ምንም አልበላ አለች» አለኝ።

የተያዘችው ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ ላይ፣ ወደ ተራራው በሚወስደው መንገድ ነው። አንድ ግቢ የጽድ አጥሩን አስቆርጦ በብሎኬት ሲተካ ከቅርንጫፉ ጋር መሬት ወረደች። የሰፈር ልጆች አንስተው ትልቅ ሃይላንድ አናቱን ቆርጠው ከተቷትና መስኮት ሥር አኖሯት። ዳቦ ሰጧት፣ ጎመን ሰጧት። በክፋት አይደለም። እስስት የምትበላው የሚንቀሳቀስ ነፍሳት እንደሆነ የነገራቸው ሰው አልነበረም። በሳህን የተቀመጠ ውሃ እንደማታይ፣ የምትጠጣው በቅጠል ላይ የተንጠለጠለ ጤዛና የዝናብ ጠብታ እንደሆነም ማንም አልነገራቸውም። የመስኮት መስታወት ደግሞ ብርሃኑን ቢያሳልፍም ቫይታሚን ዲ የሚሠራላትን የፀሐይ ጨረር ያስቀራል፤ ያለ እሱ ካልሲየም አጥንቷ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ብርሃን አጠገብ ተቀምጣ ፀሐይ ተርባ ነበር።

እኔ ነርስ ነኝ። ከሥራ ዘመኔ ብዙውን ያሳለፍኩት በምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናት በሚተኙበት ክፍል ነው። እዚያ የሠራ ሰው አንድ ነገር ከደሙ ጋር ይዋሃዳል፤ በረሃብ የተጎዳን አካል ቶሎ ማጥገብ ይገድላል። ሕፃኑ ሲገባ መጀመሪያ የሚታየው የደሙ ስኳር፣ የሰውነቱ ሙቀትና የውሃው መጠን ነው። ወተቱም ቢሆን ቀለል ባለው፣ ኤፍ-75 በሚባለው ይጀመራል፤ ሆዱ ሲለምድ፣ እብጠቱ ሲቀንስ፣ የምግብ ፍላጎቱ ሲመለስ ነው ጠንከር ወዳለው ኤፍ-100 ወይም ወደ ፕላምፒናት የሚታለፈው። እናት ግን ልጇ አጥንቱ ወጥቶ እያየች «ትንሽ ብቻ ነው እንዴ የምትሰጡት?» ትላለች። አልፈርድባትም። እስስቷን ሳይ እኔም እጄ የሄደው ወደ ምግብ ነበር።

ቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና ተምራ የወጣች ጓደኛ አለችኝ። ደወልኩላት። የዕለት ሥራዋ ላምና ውሻ ነው፤ ሆኖም ጥያቄዎቿ ስለት ነበሩ። አፏ ውስጥ መግል አለ? እግሮቿ ጠመዋል? ስትይዣት ትጨብጣለች? ሆዷ ውስጥ እንደ ፍሬ የሚዳሰስ ነገር አለ? በብርዳማ ደጋ የሚኖሩ እስስቶች ብዙዎቹ እንቁላል ሳይጥሉ ግልገል ስለሚወልዱ እርጉዝ መሆኗን ማወቅ ፈልጋ ነው። ሆዷ ባዶ ነበር። የመጨረሻ ጥያቄዋ ግን አስደነቀኝ፤ «ከኩሷ ጋር የሚወጣው ጠንካራ ሽንት ነጭ ነው ወይስ ቢጫ?» አየሁት። ወደ ብርቱካንነት ያደላ ቢጫ ነው።

«ውሃ አጥታለች» አለችኝ። «አፏን ከፍተሽ ምንም እንዳትጨምሪ። የአየር ቧንቧዋ መግቢያ ምላሷ ሥር ነው፤ ሳንባዋ ውስጥ ከገባ አለቀላት። ደግሞ ሰውነቷ ሳይሞቅ ከበላች ምግቡ ሆዷ ውስጥ ይበሰብሳል። ውሃ፣ ሙቀት፣ ከዚያ ምግብ።»

እኔ በክፍሌ ስከተለው የኖርኩት ቅደም ተከተል ነው። ስልኩን ይዤ ዝም አልኩ።

ወሩ ሐምሌ ነው። የየካን ሐምሌ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጭጋጉ ከእንጦጦ ይወርድና ቤቱን ሁሉ ይሞላዋል፤ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚባል አይታይም። ሾላ ያለ ወርቅ ሠሪ ዘመዴ ሚዛኑን እንዲያውሰኝ ለመንኩት። ሱቁ ውስጥ የነበረች ደንበኛ እስስቷን ስታይ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ጥርስ ታረግፋለች ብላ ነው። እሱ ግን በትዕግሥት ወረቀት አንጥፎ መዘናት፤ 8 ግራም። የአንድ ቀለበት ክብደት። ቁጥሩን ደብተሬ ላይ ጻፍኩት፤ ያልተመዘነ በሽተኛ አላክምም።

ከጓሮ የግራዋ ቅርንጫፍ ቆርጬ ሰፊ ካርቶን ውስጥ አቆምኩላትና ፊቱን በወባ አጎበር ከለልኩት። አፍልቼ ያቀዘቀዝኩትን ውሃ በጸጉር ቤት መርጫ ቅጠሉ ላይ እነፋለሁ። ሌላ ሃይላንድ ቂጡን በመርፌ ወግቼ ከላይ ሰቀልኩት፤ ጠብ፣ ጠብ እያለ ቅጠል ላይ ይወርዳል። ለሙቀቱ አምፖል ከካርቶኑ ውጪ አስጠጋን። መብራት ሲጠፋ ከሰል ላቀጣጥል ያሉኝ ነበሩ፤ ጭሱ ይገድላታል ብዬ ሙቅ ውሃ በጠርሙስ ሞልቼ በጨርቅ ጠቅልዬ አስደገፍኩላት። ፍሊት ከቤታችን ወጣ። ሌሊቱን ግን እንድትቀዘቅዝ ተውኳት፤ የደጋ ፍጥረት ናት፣ የሌሊት ብርድ አገሯ ነው።

ጎረቤታችን እማማ በየማለዳው ብቅ እያሉ «የእንቁላል አስኳል በጣትሽ አቅምሻት፣ የነፍስ ነገር ነው» ይሉኛል። አንጀታቸው ነው የሚናገረው። ወጣቶቹ ደግሞ ስልካቸው ላይ አፏን በግድ ከፍቶ የሚያጎርስ ሰው አይተው እንሞክር ይላሉ። ሁሉንም እምቢ አልኩ። በሽተኛ ሲደክም ዙሪያውን የከበበው ሰው ፍቅሩን በጉርሻ ካልገለጸ የቆመ አይመስለውም፤ እምቢታዬ እንደ ጭካኔ ይታይብኝ ነበር።

ከዚያ ወደቀች።

ጠዋት አጎበሩን ስገልጥ ካርቶኑ ወለል ላይ በጎኗ ተኝታለች። እስስት ጣቶቿ በሁለትና በሦስት ተጣምረው እንደ ጉጠት ይይዛሉ፤ ያ አያያዝ ከላላ ጉልበት አልቋል ማለት ነው። ጣቴ ላይ ሳደርጋት አልጨበጠችም። የእህቴ ልጅ በር ላይ ቆሞ «ሞተች?» አለኝ። ደረቷ በጣም በዝግታ ይነሳል ይወድቃል። «አልሞተችም» አልኩት፤ ግን ድምፄን እኔ ራሴ አላመንኩትም። ብዙ ሕፃናት ከእጄ ድነዋል፤ ያልዳኑም አሉ። ያን ጠዋት ያስታወስኩት ያልዳኑትን ነው።

ረፋድ ላይ ደመናው ተሰነጠቀ። ልጁ ሳይጠይቀኝ ቅርንጫፉን ከነእስስቷ አንስቶ ወደ ግቢ ሮጠ፤ ፀሐዩ ላይ ያዛት። ተከትዬው ወጣሁ። መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ቀስ እያለ ግን ወደ ፀሐይ የዞረው ጎኗ መጥቆር ጀመረ፤ ሙቀቱን ለመሳብ ነው። ያኛው ጎኗ ግራጫ እንደሆነ ቀርቶ ይኼኛው እንደ ከሰል ጠቆረ። ሰውነቷን ጠፍጥፋ እንደ ቅጠል አሰፋችው። አንድ ዓይኗ ተከፈተ። ልጁ እጁ እስኪንቀጠቀጥ ቅርንጫፉን ይዞ ቆመ፣ አላወረደም። እኔ ውሃውን ነፋሁ። አፍንጫዋ ፊት ባለው ቅጠል ጫፍ ላይ አንድ ጠብታ ተንጠለጠለ፤ አየችው። አፏን አስጠግታ ነካችው፣ አንገቷን ወደ ላይ አቀናች፣ ጉሮሮዋ ተንቀሳቀሰ። ደገመች። ከዚያ ደጋገመች። እማማ አጥር ሥር ሆነው ሁሉንም አይተዋል፤ እልል አሉ።

ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም ነው፣ ግን የሚነገረው ጥቂት ነው። ሽንቷ ነጣ። ዓይኖቿ ሞሉ። ምግብ ያን ጊዜ ነው የመጣው። ልጆቹ የሙዝ ልጣጭ ሣጥን ውስጥ አስቀምጠው ዝንብ ያጠምዳሉ፤ መድኃኒት ያልተረጨበት ሣር ውስጥ ትንንሽ ፌንጣ ይለቅማሉ። የመጀመሪያውን ዝንብ በሁለቱም ዓይኖቿ አነጣጠረችበት፣ አፏ ተከፈተ፣ ምላሷ ግን ከከንፈሯ ብዙም አልራቀም። ምላሷ በደህናው ጊዜ የሰውነቷን ርዝመት የሚያክል ነው። ልጆቹ በሐዘን አጉረመረሙ። እኔ ግን ደስ አለኝ፤ ፍላጎት የተመለሰለት በሽተኛ ግማሹን መንገድ ጨርሷል። ዝንቧን ክንፏን ይዤ አስጠጋሁላት፣ ወሰደች። አንድ ብቻ ሰጠኋት። ሁለተኛ እንድጨምር ልጆቹ ለመኑኝ፤ ነገ አልኳቸው።

መስከረም ሲጠባ 12 ግራም መዘነች። ያን ቀን ወርቅ ሠሪው ሚዛኑ ላይ ማቆየት አልቻለም፤ እጅጌው ላይ ወጣችበት።

ጓደኛዬ ከመጀመሪያው ነግራኛለች፤ እስስት የቤት እንስሳ አይደለችም። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝ ይከለክላል፤ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1989 የተቀበለችው የሳይተስ ስምምነትም የእስስትን ዓለም አቀፍ ንግድ ይቆጣጠራል። የእኛን የደጋ እስስት ጀርመናዊው ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1845 ለሳይንስ አስተዋውቋታል፤ ትሪዮሴሮስ አፊኒስ ትባላለች። በእኛ አጥር ላይ ግን ከዚያ በፊትም ነበረች። አጥሩ ነው አሁን የጠፋው። የተያዘችበት ቦታ ብሎኬትና ቆርቆሮ ሆኗል፤ አንድ ቅጠል የለም።

የት እንልቀቃት ስንባባል የእህቴ ልጅ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የተከፈተውን እንጦጦ ፓርክን አነሳ። ከተወለደችበት ባንርቅ ይሻላል ብዬ በየካ ተራራ፣ ከአለት ወደተፈለፈለው ዋሻ ሚካኤል በሚያወጣው አቅጣጫ ወጣን። መንገዱ ባሕር ዛፍ ብቻ ነው። ሥሩ ቁጥቋጦ አይበዛም፤ ቁጥቋጦ ከሌለ ነፍሳት የለም፤ ነፍሳት ከሌለ ለእሷ ረሃብ ነው። እንጨት ተሸክማ የምትወርድ እናት ሸክሟን ድንጋይ ላይ አሳርፋ ምን እንደያዝን ጠየቀችን። ስታይ አልፈራችም። «ከወንዙ ማዶ ሂዱ፤ ግራዋውና ቀጋው ጥቅጥቅ ብሏል፣ እንደዚች ያሉ እዚያ አያለሁ» አለች። በየቀኑ ተራራውን የምትወጣ ሰው ናት፤ ቃሏን አመንኩ። እንዳለችውም ነበር። እስስቷ ቀጋው ላይ ወጥታ አረንጓዴ ሆነችና ከዓይናችን ጠፋች።

ዘንድሮ ሰፈራችን ውስጥ ሌላ የጽድ አጥር ሊቆረጥ ነው ተባለ። ልጆቹ ዋዜማውን ማታ ባትሪ ይዘው ወጡ። እስስት ሌሊት ስትተኛ ቆዳዋ ይገረጣል፤ ባትሪ ሲያርፍበት ከጨለማው ቅጠል ተለይቶ ይታያል። ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ፈተሹ። ያገኟቸውን ከነቅርንጫፋቸው ቆርጠው፣ በእጅ ሳይነኩ፣ ካልተነካው የጎረቤት አጥር ላይ አሰሯቸው። የግቢው ባለቤት በረንዳ ላይ ቆመው ሲያዩ ቆይተው ወንዝ ዳር ያለውን የአጥሩን ጎን እንዳይቆርጡ ለሠራተኞቹ ነገሩ።