ፓምፑ ሲበረታ ዓሣው ለምን ደከመ?



ዛሬ የምናጫውታችሁ ስለ ዓሣ ነው። አትሳቁብን፤ የአንድ ዙር እቁብ የበላብንን ጉዳይ ነው የምናወራው።

እኛ ሦስት ጓደኛሞች ነን። አንዳችን ሰበታ፣ አንዳችን ቡራዩ፣ አንዳችን ሱሉልታ እንኖራለን። የዓሣውን ነገር ያመጣብን የሰበታው ልጅ ነው። ሰበታ ላደገ ሰው ዓሣ ማርባት እንግዳ ነገር አይደለም፤ ብሔራዊው የዓሣና ሌሎች የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል የሚገኘው እዚያው ነው። እሱም ከልጅነቱ ጀምሮ የዓሣ ኩሬ ወሬ እየሰማ አድጎ "እኛስ ለምን በትንሹ አንጀምርም?" አለን። ጌጠኛ ዓሣ አርብተን ለካፌዎችና ለየቤቱ ልንሸጥ ተስማማን። እቁቡ ሲደርሰን ያገለገለ አኳሪየም ገዝተን ቡራዩ፣ በጓደኛችን ቤተሰብ ሳሎን ውስጥ አስቀመጥነው።

አኳሪየሙ ርዝመቱ 100፣ ወርዱ 40፣ የውሃው ጥልቀት 60 ሳንቲ ሜትር ነው። ሲሰላ 240 ሊትር ይሆናል። ከሥሩ 80 ሊትር የሚይዝ ሌላ ገንዳ አለው፤ ይህን አርቢዎቹ "ሳምፕ" ይሉታል። ከላይ ሞልቶ የሚፈሰው ውሃ በማፍሰሻ ቱቦ ወደ ሳምፑ ይወርዳል፤ እዚያ በስፖንጅ ውስጥ አልፎ ይጣራል፤ ከዚያ ፓምፕ መልሶ ወደ ላይ ይገፋዋል።

ፓምፕ ልንገዛ ስንሄድ ያሰብነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ትልቁን! ውሃው በፈጠነ ቁጥር የሚጸዳ፣ ዓሣውም የሚደሰት መሰለን። በሰዓት 4,000 ሊትር የሚል የተጻፈበትን መርጠን የቀረንን ብር ሁሉ ከፈልን። 6 ጎልድፊሾችም አስገባን።

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነገሩ አላማረም። ማፍሰሻ ቱቦው ሌሊቱን ሙሉ ሲያጉረመርም ያድራል። ውሃው በጥቃቅን አረፋ ነጣ። ዓሣዎቹ ደግሞ ጅረቱን መቋቋም አቅቷቸው አንድ ጥግ ላይ ተጠጋግተው ይውላሉ። እኛ ግን "ይለምዱታል" እያልን ተጽናናን።

አንድ ሌሊት መብራት ጠፋ። ለሱብሒ ስንነሳ ሳሎኑ ውሃ ነበር። ምንጣፉ ርሷል፤ የእናታችን መስገጃ ሳይቀር ተነክሯል። ይባስ ብሎ ፓምፑ የተቃጠለ ሽታ ይሸታል። እናታችን ግን "አብሽሩ፣ ምንጣፍ ይደርቃል" ብለው መጥረጊያ አነሱ። ያን ቀን በጣም አፈርን። ሌላ ፓምፕ እስክንገዛ በቆየንባቸው 3 ቀናት ደግሞ 2 ዓሣዎች ሞቱብን።

የሰበታው ጓደኛችን በዓሣ ኩሬ ሥራ ብዙ ዓመት የቆዩ አንድ ጎረቤት ነበሩትና ይዟቸው መጣ። አባባ ገንዳውን ዞር ዞር ብለው አይተው፣ "ፓምፑ ስንት እንደሚገፋ ነገራችሁኝ። ማፍሰሻው ስንት ይችላል? መብራት ሲጠፋስ ስንት ሊትር ይወርዳል?" አሉን። ሦስታችንም ዝም። ፈገግ ብለው "ቧንቧውን እስከ መጨረሻ ስለከፈታችሁት ውዱኣችሁ የተሻለ ይሆናል እንዴ?" አሉን።

ከዚያ ወረቀት አውጥተን አብረን አሰላን። እናንተም ተከተሉን።

አንደኛ፣ ጎርፉ ከየት መጣ? ውሃ የሚመልሰው ቱቦ አፉ ከውሃው ወለል 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ተነክሯል። ፓምፑ ሲቆም ያው ቱቦ ውሃውን ወደ ኋላ ይስባል፤ አፉ አየር እስኪያገኝ ድረስ አያቆምም። 100 በ40 በ15 ሲባዛ 60 ሊትር ነው። ሳምፑ ውስጥ ቀድሞ 55 ሊትር ስለነበረ ባዶ ቦታው 25 ሊትር ብቻ ነው። የቀረው 35 ሊትር ሳሎን ገባ። መብራት ሲመለስ ደግሞ ፓምፑ 60ውን ሊትር ወደ ላይ ለመመለስ ሲገፋ ሳምፑ ውስጥ የሚቀረው 20 ሊትር ብቻ ሆነ። ያ ደግሞ ከፓምፑ መሳቢያ በታች ነው። ፓምፑ ውሃ አጥቶ በደረቁ ሲሽከረከር ተቃጠለ።

ሁለተኛ፣ ፍጥነቱስ? ካርቶኑ ላይ የተጻፈው 4,000 ሊትር ውሃው ምንም ከፍታ በማይወጣበት ጊዜ ነው። እኛ ጋ 1.2 ሜትር መውጣት አለበት። በካርቶኑ ሰንጠረዥ መሠረት በዚያ ከፍታ 2,500 ሊትር ያህል ይሰጣል። ይህም ቢሆን በሰዓት የአኳሪየሙን 10 እጥፍ ነው። 55 ሊትር የያዘው ሳምፕ ውስጥ ውሃው የሚቆየው 80 ሰከንድ ያህል ብቻ ማለት ነው። ቆሻሻው አይዘቅጥም፤ አረፋውም ወጥቶ ሳያልቅ ተመልሶ ወደ ላይ ይገፋል።

ታዲያ ስንት ይበቃል? ብዙ አርቢዎች የሚነሱት በሰዓት ከአኳሪየሙ 3 እስከ 5 እጥፍ ነው። እኛ 4 እጥፍ መረጥን፤ 240 ሲባዛ በ4፣ 960 ሊትር። ያኔ ውሃው ሳምፑ ውስጥ ከ3 ደቂቃ በላይ ይቆያል። በ24 ሰዓት ውስጥም የአኳሪየሙን መጠን የሚያህል ውሃ 96 ጊዜ በማጣሪያው ያልፋል። የዓሣውን አሞኒያ የሚያጠፉት ስፖንጁ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። ውሃ በበቂ መጠን ከደረሳቸው፣ ከዚያ በላይ ማሯሯጡ ቁጥራቸውን አይጨምረውም። የሚያስፈልጋቸው የሚሰፍሩበት ቦታ፣ ኦክስጅንና ጊዜ ነው።

"ኦክስጅኑስ?" አለ የሱሉልታው ልጅ። ጥያቄው ትክክል ነው። ሦስቱም አካባቢዎቻችን ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናቸው። በዚህ ከፍታ ውሃ ሊይዝ የሚችለው ኦክስጅን፣ ሙቀቱ እኩል ሆኖ ባሕር ዳርቻ ካለው ጋር ሲነጻጸር፣ ከአንድ አምስተኛ በላይ ይቀንሳል። ግን መፍትሔው ሳምፑን ማጣደፍ አይደለም። ኦክስጅን በዋናነት የሚገባው በውሃው ወለል በኩል ስለሆነ ወለሉን ማንቀሳቀስ ነው። አንዲት ትንሽ የአየር ፓምፕ ይህን ትሠራለች፤ ዓሣውንም አታንገላታም።

ከዚህ በኋላ 2,000 ሊትር የተጻፈበት ትንሽ ፓምፕ ገዛን። የመመለሻ ቱቦውን አፍ ወደ ወለሉ አስጠግተን 2 ሳንቲ ሜትር ብቻ እንዲነከር አደረግን። ከውሃው ወለል ትንሽ ዝቅ ብሎም አየር የምታስገባ ቀዳዳ በሳንበት። ከፓምፑ በላይ ባለው ቱቦ ላይ ቫልቭ ገጠምን። ማፍሰሻው ላይ ግን ቫልቭ አላስገባንም፤ እሱ ከጠበበ ወይም ከተደፈነ የሚሞላው ላይኛው ገንዳ ነው።

ከዚያ 20 ሊትር ባልዲና የስልክ ሰዓት ይዘን ለካን። ቫልቩ ሙሉ ሲከፈት ባልዲው በ50 ሰከንድ ሞላ፤ በሰዓት 1,440 ሊትር ማለት ነው። ቀስ በቀስ ስናጠበው 75 ሰከንድ ላይ ደረሰ። ያው 960 ሊትር።

የመጨረሻው ፈተና የመብራቱ ነበር። ፓምፑን ሆን ብለን ነቅለን ዙሪያውን ቆመን ጠበቅን። 13 ሊትር ወርዶ ቆመ። ለ25 ሊትር ቦታ ነበረን። መልሰን ስንሰካውም ፓምፑ ውሃ አላጣም። እናታችን ከኩሽና ብቅ ብለው "ዛሬስ ልስገድበት?" ሲሉን ሁላችንም ሳቅን።

አሁን 4ቱ ዓሣዎች ጥግ መያዝ ትተው ገንዳውን ሙሉ ይዋኛሉ። ማፍሰሻውም ዝም ብሏል። ሽያጩን ገና አልጀመርንም፤ ኢንሻአላህ እንጀምራለን።

ወንድሞችና እህቶች፣ እንዲህ ያለ ሥራ ለመጀመር ያሰበ ካለ ከኛ ስህተት ይማር። ፓምፕ ከመግዛታችሁ በፊት ገንዳችሁን ለኩ፤ ማፍሰሻችሁ የሚችለውን እወቁ፤ ውሃው የሚወጣበትን ከፍታ አስቡ። ዓሣ ከማስገባታችሁ በፊት ደግሞ ፓምፑን አንድ ጊዜ ነቅላችሁ እዩት። እኛ ይህችን የአምስት ደቂቃ ሙከራ ብናደርግ ኖሮ እቁባችንም፣ የእናታችን ምንጣፍም፣ ሁለቱ ዓሣዎችም ይተርፉ ነበር።

አላህ ሥራችንን ሁሉ ያግራልን።