ቀድመሽ ሰላም አትበዪ

ስቶክሆልም፣ ነሐሴ 2017 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ፣

ባቡሩ ላይ እንቅልፍ ወሰደሽ ወይ? ትናንት ማታ ሴንትራል ጣቢያ ብዙ ልነግርሽ አስቤ ነበር፤ ሻንጣ ስንቆጥር፣ በርበሬው እንዳይፈስ ስናጠብቅ ሰዓቱ አለቀና ባቡሩ ይዞሽ ሄደ። ቤት ገብቼ ሐሳቡ አላስተኛኝ ስላለ ጎህ ሲቀድ ቡናዬን አፍልቼ ይህን ጀመርኩ። በስልክ ልነግርሽ እችል ነበር። ደብዳቤ ግን መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል፤ በታኅሣሥ ሉሌዮ ላይ ፀሐይ ሦስት ሰዓት ያህል ታይታ ስትጠፋ አውጥተሽ ታነቢዋለሽ።

ቀን በቮርድሴንትራሉ፣ በጤና ጣቢያው፣ ልትሠሪ፣ ማታና ቅዳሜ ደግሞ የኩራቶርነቱን፣ በጤና ተቋም ሰውን የማማከሩን፣ ትምህርት በርቀት ልትማሪ ነው የሄድሽው። ሦስት ዓመት ተኩል ለፍተሽ ያገኘሽው የሶሲዮኖም (የማኅበራዊ ሥራ) ዲግሪ፣ 210 ነጥቡ፣ ብቻውን አይበቃም። ስዊድን እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2019 ጀምሮ የጤና ኩራቶርነትን እንደ ሐኪምነትና እንደ ነርስነት ፈቃድ ከሚያስፈልጋቸው ሙያዎች ጋር ስላስገባችው፣ በላዩ ሌላ 60 ነጥብ ይጠበቅብሻል፤ አንቺ በመረጥሽው በግማሽ ጊዜ ሁለት ዓመት ማለት ነው። ሲያልቅ ፈቃዱን የጤናና የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሥልጣኑ ሶሻልስቲረልሰን ይሰጥሻል። ይህን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። እኔ የምጽፍልሽ በትምህርቱ ዝርዝር ላይ ስለሌለው ነገር ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ አስተርጓሚ ሆኜ በኩራቶር ክፍል ውስጥ ሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። አንዱ ወንበር የኩራቶሩ፣ አንዱ የተጨነቀው ሰው፣ ሦስተኛው የአስተርጓሚዋ። ከሦስተኛው ወንበር ሁለቱም ይታያሉ።

መጀመሪያ ስለ ስሙ ልንገርሽ። በአማርኛ ይህን ሙያ የያዘውን ሰው አማካሪ እንለዋለን እንጂ መካሪ አንለውም። አንቺ አማርኛን እቤት ስለተማርሽው ልዩነቱን ልብ ብለሽው ላታውቂ ትችያለሽ። መካሪ የራሱን ቃል የሚሰጥ ነው፤ አባት፣ የነፍስ አባት፣ ሽማግሌ መካሪ ናቸው፤ የሚናገሩት እነሱ ናቸው፣ የሚያዳምጠው ሌላው ነው። መማከር ግን ለብቻ አይሆንም፤ ሁለት ሰው ይፈልጋል። አማካሪ ሰውዬው ከገዛ ልቡ ጋር እንዲማከር የሚያግዝ ነው። አሜሪካዊው ካርል ሮጀርስ እ.ኤ.አ. በ1942 በጻፈው መጽሐፍ፣ የመፍትሔው ኃይል በራሱ በሰውዬው ውስጥ ነው፣ የአማካሪው ሥራ እሱ እንዲያገኘው ቦታ መስጠት ነው ብሎ ሲከራከር ብዙዎች ተገርመው ነበር። የእኛ ቋንቋ ግን ይህን በአንዲት ግሥ ይዞታል። በሥራ ዘመኔ ካየኋቸው ኩራቶሮች ሁሉ የበለጠችብኝ አንዲት ሴት ናት፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ አራት ዓረፍተ ነገር ብትናገር ነው። የምተረጉመው አጥቼ እጄን አጣጥፌ የተቀመጥኩበት ቀን ነበር። በመጨረሻ ልትማከር የመጣችው እናት ራሷ ተነስታ፣ «እንግዲህ ነገ ለልጄ እነግረዋለሁ» አለች። ማንም ንገሪው አላላትም።

እኔ አሁን የምጽፍልሽ እንደ መካሪ ነው፤ እናትሽ ነኝና ይፈቀድልኛል። አንቺ ግን እዚያ ወንበር ላይ ስትቀመጪ የእኔን ምላስ ትተሽ ሂጂ። በተለይ የአገርሽ ሰው ሲመጣ አፍሽ ላይ የሚመጣውን «አይዞህ፣ ጸልይ፣ እንዲህ አድርግ» ያዝ አድርጊው። በጎ ቃል ነው፤ ነገር ግን በጊዜው ካልሆነ የሰውን ንግግር እንደ ክዳን ይገጥመዋል።

ሁለተኛው ስለ ርቀቱ ነው። አንዳንድ ሰው «በኮምፒውተር ተምራ የሰው ልብ ልታክም?» ሲል ሰምቼ አዝኛለሁ። ለዚህ አገር ሰው ርቀት ትምህርት አዲስ ነገር አይደለም። ሄርሞድስ የሚባለው ትምህርት ቤት ማልሞ ላይ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1898 ነው፤ በገጠር ያለ ብዙ ሠራተኛ በፖስታ ተምሮበታል። በዚያ ቤት ለብዙ ዓመታት የሠራው ቦርዬ ሆልምበሪ የሚባል ምሁር፣ በርቀት ማስተማር ከሁሉ በፊት ጭውውት ነው ይል ነበር፤ ጽሑፉ ተማሪውን እንደሚያውቀውና እንደሚያስብለት ሰው ካላነጋገረው ትምህርቱ አይሰምርም። እንግዲህ የምትማሪው ሙያና የምትማሪበት መንገድ አንድ ጥያቄ ነው የሚጠይቁት፦ በመካከላችን ርቀት እያለ እንዴት እንቀራረብ?

ኩታበር በመምህርነት የኖረው አጎትሽ ዲግሪውን ያገኘው በርቀት ነው። ሞጁሉን ማታ በኩራዝ ያነብ ነበር። ዝም ብሎ አያነብም፤ ጸሐፊው ፊት ለፊቱ እንደተቀመጠ ሁሉ «እሺ፣ ይሄ ገባኝ፤ ይሄኛው ግን እንዴት ይሆናል?» እያለ ይከራከረዋል። ቱቶሪያል ሲደርስ ጥያቄውን በወረቀት ጽፎ ደሴ ድረስ ይወርዳል። እኛ እንስቅ ነበር፤ አሁን ሳስበው በትክክል ገብቶት ነበር። አንቺም እንደሱ አንብቢ። ግማሽ ጊዜ ማለት በሳምንት ሃያ ሰዓት ያህል ነው፤ ሃያ ሰዓት ከየትም አይተርፍም፣ አስቀድሞ ይቆረጣል እንጂ። የሥራ ፈረቃሽን እንደምታከብሪ የትምህርትሽንም ሰዓት አክብሪ። አልጋ ላይ አታንብቢ፤ ቺስታ ቤተ መጻሕፍት ለፈተና ስትዘጋጂ የያዝሽውን ያን የመስኮት ወንበር አስታውሺና ሉሌዮም እንደሱ ያለ ቦታ ፈልጊ። ከክፍል ጓደኞችሽ አንዷን ያዢና በየሳምንቱ በስልክ ተገናኙ፤ ያነበባችሁትን ተነጋገሩበት። ብቻውን የሚማር ሰው ስህተቱንም ብቻውን ያጸድቀዋል።

ደግሞ በርቀት የሚያልፈውንና የማያልፈውን ለዪ። ይህን የማውቀው በስልክ ስተረጉም ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ኖርሸፒንግም ሱንድስቫልም ድረስ እሄድ ነበር፤ በኋላ ግን አብዛኛው ሥራ በስልክ ሆነ። ወጥ ቤታችን ውስጥ ስልኩን ይዤ በሩን ስዘጋብሽ ታስታውሻለሽ። ስልክ ጆሮን ይስላል፤ ሰውዬው ትንፋሹን ሲውጥ፣ ቃል ሲመርጥ እሰማ ነበር። እጆቹን ግን አላየሁም። እንባ ድምፅ የለውም። አንድ ቀን ዝምታው ሲረዝም የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ?» አልኩ፤ ሴትየዋ እያለቀሰች ነበር። ስለዚህ ንድፈ ሐሳቡ፣ ሕጉ፣ ጥናቱ፣ ውይይቱ በስክሪን ይምጣልሽ። ዝምታን መቻልን ግን ከሰው ጋር ተቀምጠሽ ተማሪ። ልምድ ያላቸው ኩራቶሮች ፈቃደኛ ከሆኑ፣ ታካሚውም ከፈቀደ፣ አብረሻቸው ግቢ። ሃንድሌድኒንግ፣ ሥራሽን ልምድ ካለው ባለሙያ ጋር የምትመረምሪበት ጊዜ፣ ሲመደብልሽ ያማረውን ሥራሽን ብቻ ይዘሽ አትሂጂ፤ ያበላሸሽውን ይዘሽ ሂጂ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው ለታካሚ ብቻ የተባለ አይደለም።

ሦስተኛው ስለ ቃል ነው፤ እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት እነግርሻለሁ። አዲስ አስተርጓሚ ሳለሁ አንድ ሰው ለሐኪሙ «ሆዴ ውስጥ ብዙ ነገር አለ» አለ። እኔ ቸኩዬ ሆዱን የሚያመው አስመስዬ ተረጎምኩት። ሐኪሙ አልጋው ላይ አስተኝቶ ሆዱን ዳሰሰው፤ ምን እንደበላ ጠየቀው፤ ለምርመራ ላከው። ሰውዬው አንድ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። ለማንም ያልተናገረውን ሊናገር ነበር የመጣው፤ በሩን የዘጋሁበት እኔ ነኝ። ያን ቃል ዳግመኛ አልተናገረም። ስሙንም የመጣበትንም አልነግርሽም፤ የምነግርሽ የእኔን ብቻ ነው።

የእኛ ሰው ጭንቀቱን በሆዱ፣ በልቡ፣ በጀርባው ይናገራል። ለምን ቢባል፣ በአገር ቤት አማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዘመን ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ስለነበር «አማኑኤል ገባ» ማለት በሰው ላይ የሚለጠፍ ስም ሆኖ ኖሯል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞችን በስፔሻሊስትነት በአገር ውስጥ ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ስለዚህ ሰው «አእምሮዬን አመመኝ» ከሚል «ራሴን ያዞረኛል» ማለት ይቀለዋል። መጽሐፍሽ ውስጥ ያለውን ቃል በግድ አታጉርሺው፤ የእሱን ቃል ተቀበዪው። ዚምባብዌ ውስጥ ዲክሰን ቺባንዳ የሚባል ሐኪም ይህን ስላወቀ ነው የተሳካለት። የአእምሮ ሐኪም እምብዛም በሌለበት አገር አያቶችን አሠልጥኖ በጤና ጣቢያ ደጅ የእንጨት አግዳሚ ላይ አስቀመጣቸው፤ አያቶቹም የሚመጣውን ሰው የሚጠይቁት ስለ ኩፉንጊሲሳ ነው፤ በሾና ቋንቋ ሐሳብ ማብዛት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ጥናት እነሱ ያነጋገሯቸው ሰዎች ሕመም ከሌሎቹ በበለጠ መቅለሉን አሳይቷል። «ሐሳብ በዛበት» የምንል እኛም ይህ አይጠፋንም። ደብተር ያዢና ሰው ስለ ጭንቀቱ የሚላቸውን ቃላት ጻፊ፤ ስም ሳይኖርበት ቃሉን ብቻ። የአማርኛው፣ የትግርኛው፣ የሰሜን ስዊድኑም ይኑርበት። የሉሌዮ ሽማግሌ እንጨት ቆራጭም የራሱ ሆድ አለው።

ስለ ራስሽም አስቢ። «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» እንዳይሆን። አባትሽ ካረፈ ገና ሁለት ዓመቱ ነው። ባሏን የቀበረች ሴት ፊትሽ ስትቀመጥ የአንቺ ሐዘን ቀድሟት ይነሳል። ይህ ነውር አይደለም፤ ሲነሳ ግን እወቂው፣ ለሃንድሌዳርሽም ንገሪው። እሑድ እሑድ ለእኔ ደውዪ። የሰው ምስጢር አትንገሪኝ፤ ምን እንደበላሽ ንገሪኝ።

አሁን ወደ መጨረሻው ልምጣ፤ ለሃያ ዓመት ያህል ያላረምኩት ነገር ነው። ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላሽ ሪንከቢ አደባባይ አትክልት ስንገዛ አንዲት ሴት በአጠገባችን አለፈች። ዓይን ለዓይን ተያየን፤ እኔ ፊቴን ወደ ቲማቲሙ መለስኩ። አንቺ «እማ፣ አታውቂያትም?» አልሽኝ። «አላውቃትም» አልኩሽ። «እያየችሽ ነበር እኮ። ሰላም ማለት ነበረብሽ» ብለሽ ተቆጣሽ፤ ሐበሻን አይቶ ማለፍ ነውር ነው ብዬ ያስተማርኩሽ እኔው ስለነበርኩ። ቀኑን ሙሉ አኮረፍሽኝ።

ዋሽቼሽ ነበር፤ አውቃታለሁ። በሦስተኛው ወንበር ተቀምጬ በሕይወቷ ከሁሉ የከበደውን ነገር ከአፏ ተቀብዬ በስዊድንኛ ተናግሬላታለሁ። ያን ቀን አደባባዩ ላይ ከጎኗ ባሏ ነበር። ሰላም ብላት «ከየት ታውቂያታለሽ?» ይላታል። ስቶክሆልም ትልቅ ከተማ ናት፤ የሐበሻው ስቶክሆልም ግን አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ ለቅሶ፣ አንድ ሠርግ ነው። ስለዚህ ቀድሜ ሰላም አልልም ብዬ ቆረጥኩ፤ ለአስተዳደጌ እንደ እሾህ ቢሆንብኝም። ሰላምታው የእሷ ነው፤ ከፈለገች ትሰጠኛለች፣ ካልፈለገች አልቀማትም። ያኔ ይህን ላስረዳሽ አልችልም ነበር፤ ማስረዳቱ ራሱ ምስጢሯን ማውጣት ይሆን ነበርና።

ሉሌዮ ከዚህ ታንሳለች። ሱቅ ውስጥ፣ አውቶቡስ ላይ ትገናኛላችሁ። ሰው ፊቱን ሲያዞርብሽ አትዘኚ፤ ሲስቅልሽም አትቸኩዪ። ቆመሽ ጠብቂ። ኩሩ ናት ቢሉሽም ቻዪው።

ሴትየዋ ከዓመታት በኋላ በጥምቀት ቀን ራሷ መጥታ አቀፈችኝ። ምንም አልተባባልንም። አንቺ አጠገቤ ነበርሽ፤ «ይቺ ማን ናት?» አልሽኝ፣ እኔም «ሰላም ያለችኝ ሰው ናት» አልኩሽ።

ልጄ፣ ጆሮሽን ይባርክልሽ። የጀመርሽውን ለፍጻሜ ያብቃልሽ። የጨለማውን ወራት ብርሃን ያድርግልሽ። የሰው ገመና የምትሸፍኚ ያድርግሽ፣ ያንቺንም የሚሸፍን አይጥፋ። በርበሬውን ብርድ ቦታ አስቀምጪው።

የምትወድሽ እናትሽ