90 ዲግሪ

ቁርጭምጭሚት ደህና እስከሆነ ድረስ ማንም አያስበውም። ጉልበት ስሙ ራሱ ኃይል ማለት ነው፤ ትከሻ ሸክም ችሎ ይመሰገናል። ቁርጭምጭሚት ግን አንድም ሙገሳ የለውም። ደረጃ ስትወርዱ፣ ታክሲ ላይ ስትንጠላጠሉ፣ ኮብልስቶን ላይ ስትራመዱ ዝም ብሎ ይሠራል። የእኔው ዝምታውን ያቆመው በ22 ዓመቴ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ልጨርስ ጥቂት ወራት ሲቀሩኝ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ተገለበጠ። ቀኝ እግሬ ወንበር ስር ተቀርቅሮ ቅልጥሜ ታች ጫፉ ላይ፣ ልክ መገጣጠሚያው ውስጥ ተሰበረ። በብረትና በብሎን ተጠገነ፤ አጥንቱም ገጠመ። አጥንቶቹን የሚያለብሰው ልም አጥንት ግን እንደ አጥንት አይደለም። የራሱ የደም ሥር ስለሌለው፣ አንዴ ክፉኛ ከተጎዳ እንደነበረ ሆኖ አይመለስም። ዳሌና ጉልበት ብዙ ጊዜ የሚያልቁት በዕድሜ ነው፤ ቁርጭምጭሚት ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው እንደኔ ከአደጋ በኋላ ነው። ለዚህ ነው በሽታው ወጣት የማይምረው።

28 ሲሞላኝ ራጁ ላይ በሁለቱ አጥንቶች መሀል መታየት የነበረበት ጥቁር ክፍተት የለም። አጥንት ከአጥንት ይፋተጋል። ጠዋት ከአልጋ ወርጄ የመጀመሪያዎቹን እርምጃዎች ግድግዳ ይዤ ነው የምራመደው። ቢሯችን የጠዋቱ ስብሰባ ቆሞ ነው የሚደረገው፤ ተቀምጬ የማወራው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ድጋፉም፣ መርፌውም፣ ዳይክሎፌናኩም ከተሞከረ በኋላ ሐኪሙ ሁለት መንገድ ነገረኝ። አንዱ ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ነው፤ እሱ ግን በአገልግሎት ያልቃል፣ በኔ ዕድሜ ለገጠመው ሰው ደግሞ ሌላ ቀዶ ጥገና መጠበቁ አይቀርም። ሁለተኛው ማጋጠም ነው፦ የቀረውን ልም አጥንት ጠርጎ ማውጣት፣ ቅልጥሙንና ከስሩ ያለውን አጥንት በብሎን አጥብቆ ማሰር፣ ከዚያ እንደ ስብራት አንድ ላይ እስኪበቅሉ መጠበቅ። መገጣጠሚያው ከዚያ በኋላ የለም።

እናቴ ስትሰማ፣ "እንዴ! ወጌሻ እንኳን የተቆለፈውን ይከፍታል እንጂ የሚንቀሳቀሰውን ይቆልፋል?" አለች።

"እማዬ፣ እንቅስቃሴ እኮ የለም፤ ያለው ፍትጊያ ነው።"

"ቢሆንም" አለች። የሷ "ቢሆንም" በክርክር አይሸነፍም።

እኔም ቢሆን አልተረጋጋሁም። ሥራዬ ሶፍትዌር ይሁን እንጂ የተማርኩት ሜካኒካል ምህንድስና ነው። አንድ መገጣጠሚያ ሲበየድ በሱ ያልፍ የነበረው ጭነት አይጠፋም፤ ወደ ጎረቤት ይሄዳል። ማንበብ ጀመርኩ። ሰው ሠራሽ ዳሌን ለዓለም ያስለመደው እንግሊዛዊው ጆን ቻርንሊ፣ ከዚያ በፊት በ1951 እ.ኤ.አ. ቁርጭምጭሚትን አጥብቆ በመጫን ስለማጋጠም ጽፏል። ዳሌን እንዲንቀሳቀስ ያደረገው ሰው ቁርጭምጭሚትን ሲያስር ማየቴ አጽናናኝ። ቀጥዬ ያገኘሁት ግን ሌላ ነው። በ2001 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት ከአደጋ በኋላ ቁርጭምጭሚታቸው የተጋጠመ 23 ሰዎችን በአማካይ ከ22 ዓመት በኋላ አይቷቸዋል። ጉልበታቸው ብዙም አልተነካም። በዚያው እግር ያሉት የመዳፉ መገጣጠሚያዎች ግን አብዛኞቹ ላይ ተጎድተው ነበር። 28 ላይ 22 ደምሩ፤ 50 ይሆናል። ልጆች ቢኖሩኝ ትምህርት የሚጨርሱበት ጊዜ ነው።

ወረቀት አውጥቼ የማጣውን ጻፍኩ። ቁጢጥ ማለት። መስገድ፣ ቢያንስ እንደ ድሮው። ዝቅ ያለ በርጩማ። እስክስታ ትከሻ ነው፣ እሱ ይተርፋል፤ የኛ የጉራጌ ጭፈራ ግን እግር ነው፤ መስቀል ሲደርስ አገር ቤት ገብቼ ከአጎቶቼ ጋር የምዘልበት። ዝርዝሩን ደግሜ ሳነበው ግን አንድ ነገር ገባኝ፦ ባለፉት ሁለት የመስቀል በዓላት ተቀምጬ ነበር የማጨበጭበው። ህመሙ ሳያስፈርመኝ የወሰደውን ነው ሐኪሙ አስፈርሞ የሚወስደው። ፈረምኩ።

ከፊርማው በፊት አንድ ጥያቄ ነበረኝ፦ "ስንት ዲግሪ ላይ ነው የሚታሰረው?" ሐኪሙ ሳቀ፤ ከዚያ በቁም ነገር አስረዳኝ። እግሩ ከቅልጥሙ ጋር 90 ዲግሪ ይሠራል፣ ጣቶቹ ጥቂት ወደ ውጭ ይዞራሉ። ጣቶቹ ወደ ታች ካዘነበሉ ጉልበት ወደ ኋላ ይገፋል፤ ወደ ላይ ከተቀሰሩ ደግሞ ክብደቱ ሁሉ ተረከዝ ላይ ያርፋል። እኔ የለቀቅኩት ኮድ ቢበላሽ ማታውኑ ወደ ድሮው እመልሰዋለሁ። ይሄኛው መመለሻ የለውም።

8 ሳምንት መሬት አልረገጥኩበትም። የምንኖረው ሊፍት የሌለው ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ ስለሆነ፣ ለቀጠሮ ስወጣና ስመለስ ደረጃውን በቂጤ ተንፏቅቄ ነው። የጎረቤት ሕፃናት መጀመሪያ ሳቁብኝ፣ ኋላ ክራንቼን ተሸክመው ይከተሉኝ ጀመር። ሲጋራ የአጥንቱን መጋጠም ስለሚያሰናክል እንግዶቼ እንኳ እንዳያጨሱ እናቴ በር ላይ ትጠይቃለች። በ3ኛው ወር ራጅ ላይ በአጥንቶቹ መሀል የነበረው መስመር መደብዘዝ ጀመረ።

አሁን ዓመት አልፎኛል። ሜዳ ላይ ስራመድ የማያውቀኝ ሰው አይለይም። ዳገትና ቁልቁለት ያሳብቁብኛል፤ ሶሉ ከፊት ከፍ ብሎ የሚንከባለል ጫማ ደግሞ ያግዘኛል። ግድግዳ መያዝ ቀርቷል። ጎረቤት መገጣጠሚያዎቼ የኔን ድርሻ ተሸክመዋል፤ አንድ ቀን ሂሳባቸውን ይጠይቃሉ። ስለዚህ ክብደቴን እቆጣጠራለሁ፣ ዝላይ የበዛበት ነገር እተዋለሁ፤ 50 ዓመቴን በተቻለኝ መጠን አዘገያለሁ።

ባለፈው መስቀል ጭፈራው ክብ ውስጥ ቆምኩ። በግራዬ እየመታሁ፣ በቀኜ እየተደገፍኩ። ሁለት ዘፈን ቆይቼ ወጣሁ፤ የወጣሁት ግን ስለደከመኝ ነው እንጂ ስላመመኝ አልነበረም።

እናቴ ስለ ቀዶ ጥገናው እስካሁን "ጥሩ አደረግክ" አላለችኝም። ሰፈር ላለው አናጢ ከሌሎቹ ስንዝር ከፍ ያለ በርጩማ አሠርታ፣ ቡና ሲፈላ ከረከቦቱ አጠገብ ታስቀምጠዋለች። ሌላ ሰው ሊቀመጥበት ሲል ታስነሳዋለች።