ፈተናውን ያለፈው ማን ነው?

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ አባቶቻችን። እኛ ግን ባለፈው ዓመት የመመረቂያ ሥራችንን ስንሠራ ነገሩንም ከሥሩ ሳንይዝ፣ ውሃውንም በከንቱ አፍስሰን ተገኘን። ይህን መናገር ያስቅብን ይሆናል፤ ቢሆንም በእኛ የደረሰው በሌላው ጓደኛችን እንዳይደርስ ዝም ከማለት መናገሩን መርጠናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በግቢያችን ካለው የችግኝ መደብ አጠገብ አንድ ሮቶ ቆሟል፤ ከሮቶውም ውሃ የሚገፋ ትንሽ ፓምፕ ነበር። የእኛ መሣሪያ የአፈሩን እርጥበት እየለካ፣ አፈሩ ሲደርቅ ፓምፑን ለታዘዘው ደቂቃ ያህል አስነሥቶ መልሶ እንዲያጠፋው ታስቦ የተሠራ ነው። የመሣሪያው አንጎል አርዱዊኖ ኡኖ የሚባለው ቦርድ ነው። አራት ነበርን፤ ሁለታችን ኮዱን ጻፍን፣ ሁለታችን ሽቦውን አገናኘን።

ኮዱን በግዴለሽነት ጻፋችሁ የሚለን ሊኖር አይችልም። ለእያንዳንዱ ክፍል ዩኒት ቴስት አዘጋጅተንለት ነበር፤ በድምሩ 42። እያንዳንዱ ቴስት ለኮዱ አንዲት ጥያቄ ያቀርባል። ለምሳሌ «አንድ ደቂቃ ስንት ሚሊሰከንድ ነው?» ሲባል ኮዱ 60000 ብሎ መመለስ አለበት። አርባ ሁለቱንም በላፕቶፓችን ላይ አስኬድናቸው፤ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ሁሉም አለፉ። ደስታችን ወሰን አልነበረውም። በዚያው ምሽት በመመረቂያ ጽሑፋችን ላይ «42ቱም ፈተናዎች አልፈዋል» ብለን ጻፍን። ከዚያም ኮዱን በቦርዱ ላይ ጭነን ፓምፑን ለአንድ ደቂቃ እንዲሠራ አዘዝነው። ሲነሣ አይተን አጨበጨብንና ወደ እራት ሄድን። ሲቆም ለማየት የቆየ ግን ከመካከላችን አንድም አልነበረም።

በማግሥቱ ማለዳ ችግኙን የሚንከባከቡት አባት አስጠሩን። ሮቶው ባዶ ነው። ፓምፑ ያለ ውሃ ሲሽከረከር አድሮ ተቃጥሏል። ለወራት ካሳደጉት ችግኝ ግማሹ ጭቃ ውስጥ ተኝቷል። «ልጆቼ፣ ማስነሣቱንስ ቻላችሁበት፤ ማቆሙን ማን ያስተምራችሁ?» አሉን። ቢቆጡን ይሻለን ነበር።

አማካሪያችን ደግሞ ሁሉን ሰምተው ሲያበቁ አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቁን፦ «ለመሆኑ የፈተናችሁት ማንን ነው? ላፕቶፓችሁን ነው ወይስ ቦርዱን?»

መልሱን ያገኘነው ቁጥሩን በወረቀት ላይ ስንሠራው ነው። በላፕቶፓችን ላይ ኢንት የሚባለው የቁጥር ዓይነት 32 ቢት ነው። በአርዱዊኖ ኡኖ ላይ ግን 16 ቢት ብቻ ስለ ሆነ ከ32767 የሚበልጥ ቁጥር አይችልም። ደቂቃውን በ60፣ ያንንም በ1000 ስናባዛው፣ በላፕቶፕ ላይ 60000 የሆነው በቦርዱ ላይ ሞልቶ ፈሰሰና ከዜሮ በታች 5536 ሆነ። ይህም ቁጥር ከዜሮ በታች ያለውን ወደማያውቅ ባለ 32 ቢት ማስቀመጫ ሲዛወር 4294961760 ሚሊሰከንድ ተብሎ ተነበበ፤ ይኸውም ወደ 50 ቀን ይጠጋል! ለአንድ ደቂቃ ያዘዝነው ፓምፕ ለካስ የሃምሳ ቀን ሥራ ጀምሮ ኖሯል። የሚገርመው ደግሞ አሥር ደቂቃ ብለን አዘነው ቢሆን ኖሮ በ10 ሰከንድ ያህል ይቆም ነበር። ኮዱ ያው ነው፤ ጥያቄውም ያው ነው፤ መላሹ ግን ሌላ ነው።

ከዚህ በኋላ ቴስቶቹን በቦርዱ ላይ ለማስኬድ ተነሣን። ቴስቱ ራሱ ለቦርዱ ተተርጉሞ ይጫናል፤ እዚያው ይሠራል፤ ውጤቱንም መስመር በመስመር በዩ ኤስ ቢ ገመድ ወደ ላፕቶፑ ይልካል። ሥራው ቀላል አልነበረም። የቦርዱ ራም 2 ኪሎባይት ብቻ ነውና የቴስቶቹ ጽሑፍ ብቻውን አጣበበው፤ ስለዚህ 42ቱን በሦስት ከፍለን በየተራ አስኬድናቸው። አራቱ ወደቁ። ሦስቱ የወደቁት በዚያው በማባዛቱ ምክንያት ስለ ነበር፣ ቁጥሮቹን ባለ 32 ቢት ብለን በግልጽ ስንጽፋቸው ዳኑ። አራተኛው ግን ኮዱን መቶ ጊዜ ብናነበው የማናገኘው ነበር። አዋጥተን የገዛነው አዲሱ ፓምፕ ከፊተኛው ጠንከር ያለ ስለ ሆነ፣ ሲነሣ የቦርዱን ቮልቴጅ ያወርደዋል፤ ቦርዱም ጠፍቶ እንደ ገና ከመጀመሪያው ይነሣል። ለፓምፑ የራሱን የኃይል ምንጭ ስንሰጠው ነገሩ ተስተካከለ።

ከሁሉ የከበደን ግን ያቺ በጽሑፋችን ላይ ያሰፈርናት ዓረፍተ ነገር ነበረች። አንዱ ጓደኛችን «ውሸት የለባትም፤ በእርግጥ አልፈዋል፤ ተዉአት» አለ። እስከ እኩለ ሌሊት ተከራከርን። እውነትም ውሸት አልነበረባትም፤ ችግሩም እዚህ ላይ ነው። የሚያነባት ሰው ያለፈው መሣሪያው ይመስለዋል፤ ያለፈው ግን ላፕቶፑ ነበር። በመጨረሻ እርሱም ተስማማና «42ቱ ፈተናዎች በላፕቶፕ ላይ አልፈዋል፤ በቦርዱ ላይ መጀመሪያ 4 ወድቀው ነበር» ብለን ከነምክንያቱ ጻፍነው። ፈታኞቹ በዚያ ገጽ ላይ ብዙ ጠየቁን፤ ላብ በላብ ሆንን፤ ነገር ግን የመለስነው ሁሉ የምናውቀውን ነበር።

ይህ የተማሪ ስሕተት ብቻ ነው የሚል ቢኖር የአሪያን 5 ሮኬትን ያስታውስ። ግንቦት 27 ቀን 1988 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1996) ለመጀመሪያ ጊዜ ስትነሣ 40 ሰከንድ ያህል በርራ ተሰባበረች። ምክንያቱም አንድ ትልቅ ቁጥር በ16 ቢት ማስቀመጫ ውስጥ አልበቃ ብሎ ነው። ያ ፕሮግራም ከአሪያን 4 የተወሰደ ነበር፤ በአሪያን 4 ላይ ደኅና ሠርቷል፤ በአዲሲቱ ሮኬት የበረራ መሥመር ግን ከመነሣቷ በፊት አልተፈተነም።

በላፕቶፕ መፈተን ከንቱ ነው ማለታችን አይደለም። ፈጣን ነው፤ የሐሳብን ስሕተት በቶሎ ያሳያል። የኡኖ ቦርድ ፍላሽ ደግሞ ዋስትና የተሰጠው ለ10000 ጊዜ መጻፊያ ስለ ሆነ፣ ለእያንዳንዷ ለውጥ ቦርዱን ማድከም አያስፈልግም። በላፕቶፕ ደጋግመን እንፈትን፤ «አልፏል» የሚለውን ቃል ከመጻፋችን በፊት ግን ሥራውን የሚሠራውን ራሱን እንጠይቅ። ሲነሣ አይተን አናጨብጭብ፤ ሲቆምም ቆመን እንይ።

ለችግኙስ ምን አደረጋችሁ ትሉን ይሆናል። አራት ቅዳሜ ሙሉ ጉድጓድ ስንቆፍር ከረምን።